በርካሽ ጊታር መኩራት ይገባል ወይ?

ሰው ዕቃን ለጥቅሙ መግዛት ትቶ ለስሙ መግዛት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጫማ እግርን ከእሾህ ማዳኑ ቀርቶ በጎኑ ላይ የተሰፋው ምልክት ይታያል፤ የእጅ ስልክ ማነጋገሩ ቀርቶ በጀርባው ላይ ያለው ሥዕል ይመረመራል። ይህ ዐመል በሙዚቃ መሣሪያም ላይ ስለ ደረሰ፥ አንድ ወጣት ጊታር ይዞ ሲታይ «እስቲ ተጫወትልን» የሚለው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው «የማን ሥራ ነው? ስንት ፈጀ?» ባዩ ነው። አባቶቻችን ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ጥምጥም የሚያምረው በተማረ ራስ ላይ ነው፤ ሻሹ ስለ ነጣ ብቻ ሊቅ የሆነ ሰው በጎንደር ምድር ታይቶ አይታወቅም።

እኔ የኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ። ጊታሩ ርካሽ ነው። በእርሱም እኮራለሁ። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ተከታትለው የሰሙ ጓደኞቼ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ስለሚስቁ፥ የኩራቴን ምክንያት በዚህ በመጽሔታችን ገጽ ላይ በዝርዝር ለማስረዳት ተነሥቻለሁ። ውድ አንባቢ እስከ መጨረሻው ታግሦ ካነበበኝ በኋላ ቢስቅ አልቀየምም።

በመጀመሪያ ጊታሩ እንዴት ወደ እጄ እንደ ገባ ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሲሠራ ካጠራቀመው ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ሰው ሲጫወትበት የቆየውን ገዛልኝ። ዋጋው በፋሲካ ገበያ ከአንድ ሙክት በግ ዋጋ ብዙም አይበልጥም ነበር። መያዣ ሣጥን ስላልነበረው በጋቢ ጠቅልሎ፥ በአውቶቡስ ውስጥ በጉልበቱ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎ፥ ዓባይን ተሻግሮ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር አደረሰልኝ። የሠሪው ፋብሪካ ስም በራሱ ላይ በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ ነገር ግን ብጠራው ከአንባቢዎቼ አንዱም ስለማያውቀው እተወዋለሁ። በዓለም ላይ በርካሽነታቸው የታወቁት፥ እንደ ስኳየር፥ እንደ ኤፒፎን፥ እንደ ያማሃ ፓሲፊካ፥ እንደ ሃርሊ ቤንተን ያሉት ጊታሮች ከእኔው ጋር ሲተያዩ መኳንንት ናቸው።

ጊታሩን ባመጣሁ በሳምንቱ አንድ ጊታር ዐዋቂ የሚባል ወጣት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይህማ የሕፃን መጫወቻ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ነገሩ ለጊዜው አሳዘነኝ። ኋላ ግን አንድ ጥያቄ ወለደብኝ፤ ለመሆኑ ውዱንና ርካሹን የሚለያቸው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የፊዚክስ መጽሐፌንም፥ የእጅ ስልኬንም፥ መፍቻና ሞረድንም ተጠቅሜያለሁ።

የኤሌክትሪክ ጊታር ሥራው እንዲህ ነው። ከብረት ክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል ነገር ተተክሏል። ፒክአፕ ማለት በብዙ ሺህ ዙር ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ማግኔት ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን ኃይል ያናውጠዋል፤ በዚህም ምክንያት በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይወለዳል፤ ይህም ጅረት በድምፅ ማጉያ ውስጥ አልፎ ወደ ጆሯችን ይደርሳል። ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ማይክል ፋራዴይ የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1931፥ ጆርጅ ቦሻምፕ የሚባል አሜሪካዊ ይህንኑ ሕግ ለጊታር አዋለው። የዚያ ጊታር አካል ከአሉሚንየም የተሠራ ክብ ነገር ስለ ነበረ ሰዎች «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። እንግዲህ ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡት ጊታሮች ሁሉ የዘር ሐረጋቸው ቢቆጠር ከመጥበሻ ይወለዳሉ። የፋራዴይ ሕግ ደግሞ ዋጋ አይጠይቅም፤ በውዱ ማግኔት ላይ የሚሠራውን ያህል በእኔውም ላይ ይሠራል።

ልዩነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። ውዱ ጊታር ዕንጨቱ የተመረጠ ነው፤ መቃኛው ጠንካራ ስለ ሆነ ቅኝቱን ቶሎ አይለቅም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት አንድ ባለሙያ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ እያንዳንዱን ነገር በእጁ አስተካክሎታል። ርካሹ ጊታር ዛሬ በኮምፒዩተር በሚመራ መቁረጫ ስለሚቆረጥ የፍሬቶቹ ቦታ ትክክለኛ ነው፤ ቅርጹም ደኅና ነው። የጎደለው በአብዛኛው ያ የባለሙያ ሰዓት ነው። እንግዲህ ሰዓት እኔም ዘንድ አለ። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ክረምቱ ረጅም ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ያልከፈለውን ሰዓት እኔ ልከፍል ቆረጥሁ።

የመጀመሪያው ችግር የአየር ጠባይ ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ስትሆን፥ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አየሯ ደረቅ ነው። ዕንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያጣ ይሸማቀቃል፤ ብረት ግን አይሸማቀቅም። በዚህ ምክንያት የጊታሩ አንገት በበጋ ሲጠብ የፍሬቶቹ ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ እጄን እንደ መጋዝ ይቧጥጠኝ ጀመር። ሞረድ ተውሼ፥ ዕንጨቱን በፕላስተር ሸፍኜ፥ አንድ በአንድ ሞረድኋቸው። ፍሬቶቹ ሃያ ሁለት፥ ጫፎቻቸው አርባ አራት ስለ ሆኑ ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። አሁን አንገቱን ከላይ እስከ ታች በእጅዎ ቢዳብሱት እንደ ተወለወለ የወንዝ ድንጋይ ልስልስ ነው።

ሁለተኛው አንገቱ መጉበጡ ነበር። በጊታር አንገት ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ አለ፤ ሥራውም ክሮቹ ወደ ፊት ሲጎትቱ ወደ ኋላ መመለስ ነው። በትንሽ መፍቻ ሩብ ዙር ያህል እያዞሩ፥ ጊታሩን እያሳረፉና እየጠበቁ ያስተካክሉታል። የቸኮለ ሰው አንድ ሙሉ ዙር ቢያዞር ዘንጉን ሊሰብረው ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ክሩን በትክክል ለሁለት መክፈል ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት በክሩ እኩሌታ ላይ መዋል አለበት፤ በዚያ ላይ ክሩን በጣት ጫፍ ብቻ ነክቶ ሲመቱት የሚወጣው ድምፅና ተጭኖ ሲመቱት የሚወጣው ድምፅ አንድ መሆን ይገባዋል። የተጫኑት ድምፅ ከቀጠነ፥ ክሩ የተቀመጠበትን የበርኩማ ጥርስ ጥቂት ወደ ኋላ ማስረዘም ነው። በርኩማ የምለው ክሮቹን ተሸክሞ የሚቆመውን ክፍል ነው፤ የበገና ደርዳሪዎች ስሙን ሰጥተውን ሳለ ሌላ ቃል ለምን እንበደራለን?

እነዚህን ሥራዎች ከፈጸምሁ በኋላ «የሕፃን መጫወቻ» ብሎ የመለሰልኝ ወጣት እንደ ገና ያዘው። ለረጅም ጊዜ ተጫወተበትና «ሌላ ገዛህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና በሕይወቴ አልሰማሁም።

ስለ ድምፅ ማጉያውም አንድ ነገር ልናገር። ማጉያዬ በፋብሪካ የተሠራ አይደለም። አንድ የራዲዮ ጠጋኝ ከአሮጌ ቴፕ ላይ ማጉያውንና ድምፅ ማውጫውን አውጥቶ በሣጥን ውስጥ ያስተካከለልኝ ነው። መብራት ሲኖር ያገለግላል። መብራት ሲጠፋ ግን፥ በከተማችንም ቢሆን አልፎ አልፎ ይጠፋልና፥ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁ እንደ ትንኝ ይሆናል፤ ክራር ገበቴ አለው፥ መሰንቆ በቆዳ የተሸፈነ ሣጥን አለው፥ የእኔ ጊታር ግን ውስጡ ድፍን ዕንጨት ነው።

ባለፈው ክረምት ወደ አያቴ አገር ወደ ወገራ ስሄድ ጊታሩን ይዤ ሄድሁ። የአያቴ መንደር መብራት የላትም። ጎረቤቱ ሁሉ የከተማውን መሣሪያ ሊሰማ ተሰብስቦ ስመታው ድምፁ ከምድጃው አላለፈም። አያቴ አዘኑና «ምነው ልጄ፥ ጉንፋን ያዘው እንዴ?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ስለ ክራር ገበቴ ማሰብ ጀመርሁ። ድፍኑን ዕንጨት ባዶ ከሆነ ዕንጨት ጋር ባገናኘውስ? የአያቴን የልብስ ሣጥን ባዶ አደረግንና የጊታሩን ታችኛ ጫፍ በሣጥኑ ላይ አስደግፌ ብመታው፥ ሣጥኑ አብሮ ተርገበገበና ድምፁ ቤቱን ሞላው። ያን ምሽት የተጫወትሁት ትዝታ በማጉያ ካሰማሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። ውድ ጊታር ቢሆን ኖሮ ከጭስ ቤት ውስጥ አስገብቼ፥ ከሣጥን ጋር አጋጭቼ፥ በዝናብ በበቅሎ አስጭኜ እወስደው ነበርን? እንጃ።

እንዲህ ያለ ብልሃት የእኔ ብቻ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ የሚባሉት ታላቅ ሙዚቀኛ ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ። በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዱ ለብዙ ዓመታት ሲኖሩ፥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ በመኪናቸው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኪቦርዱን ያወጡና በመኪናው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። የሥራ ፍሬያቸው አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ካሴት በ2013 እንደ ገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚባል አዲስ አልበም አወጡ። በዚያ ታክሲ ውስጥ የነበረው ኪቦርድ ዋጋው ስንት እንደ ነበረ ማንም አይጠይቅም።

ከውጭ አገርም ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ ዳንኤሌክትሮ የሚባል ፋብሪካ ጊታሩን ከተጨመቀ የዕንጨት ሰሌዳ ይሠራ ነበር፤ ለፒክአፑም መሸፈኛ የሴቶችን የከንፈር ቀለም ማስቀመጫ ቱቦ ይጠቀም ነበር። ከእነዚህ ርካሽ ጊታሮች አንዱን የሌድ ዜፕሊኑ ጂሚ ፔጅ በትልልቅ መድረኮች ላይ ተጫውቶበታል። ጂሚ ሄንድሪክስ በጊታር ዓለም ንጉሥ ከመባሉ በፊት፥ እ.ኤ.አ. በ1959 አባቱ የገዙለት የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ጊታር ሱፕሮ የሚባል ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ነበር። የኩዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይ ደግሞ የሚፈልገውን ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበረው፥ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአባቱ ጋር ሆኖ በቤቱ ውስጥ መሥራት ጀመረ። አንገቱን ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ ዕንጨት ጠረቡት፤ ለስፕሪንግ የሞተር ቢስክሌት ስፕሪንግ ተጠቀሙ፤ በአንገቱ ላይ ያሉትን ምልክቶች ከልብስ ቁልፍ ሠሯቸው። ይኸው ጊታር እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ ንግሥት ቤተ መንግሥት ጣራ ላይ ተሰማ።

የታወቀው ፌንደር ፋብሪካ እንኳ፥ ጃፓኖች በቅናሽ የሚሠሯቸው ጊታሮች ገበያውን ሲሻሙት፥ እ.ኤ.አ. በ1982 ስኳየር የሚል ስም ሰጥቶ እዚያው ጃፓን ርካሽ ጊታር ማሠራት ጀመረ። ትናንት «ለጀማሪ ነው» ተብለው የተናቁት እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ስኳየሮች ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ የሚፈልጓቸው ሆነዋል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት በጃፓንም ይሠራል ማለት ነው።

ነገር ግን ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር ያለብን አይመስለኝም። ውድ አንባቢ፥ አንድ ነገር ልብ ብለሃልን? በአገራችን የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከታወቁት ባንዶች ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከተራራ ፍየል ነው። አንዱ ዋልያስ ባንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለውን በመሣሪያ ብቻ የሚሰማ ሙዚቃ ቀርጿል። ሁለተኛው ኢቤክስ ባንድ ነው፤ ጊታሩን ሰላም ሥዩም እየተጫወተ፥ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኤረ መላ መላ»ን ሠርቷል። ኢቤክስም በፈረንጅ አፍ የተራራ ፍየል ማለት ነው። ዋልያ ደግሞ በዓለም ላይ ከእኛው ከሰሜን ተራሮች በቀር ሌላ አገር የለውም። ታዲያ ዋልያ በለሰለሰ መስክ ላይ የሚያድግ እንስሳ ነውን? አይደለም፤ ጉም በሚውልበት ገደል ላይ፥ ሌላው እንስሳ እግሩን ለማኖር በሚፈራበት ድንጋይ ላይ የሚኖር ነው። ለባንድ ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝ አይመስለኝም።

ከዋልያም በፊት መሰንቆ ነበረን። መሰንቆ ከምን እንደሚሠራ ሁላችን እናውቃለን፤ ጥቂት ዕንጨት፥ አንድ የፍየል ቆዳ፥ ጥቂት የፈረስ ጭራ፥ ደጋኑን የሚቀባ ዕጣን። በገበያ ዋጋ ቢተመን ይህን ያህል የሚባል አይደለም። ሆኖም አዝማሪ በዚህች መሣሪያ ንጉሥ ሲያመሰግን፥ ሹም ሲተች፥ ሐዘንተኛ ሲያጽናና ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1937 የኢጣልያ ጦር አገራችንን ይዞ ሳለ ግራዚያኒ በየአገሩ እየዞሩ የሚያዜሙ ሰዎች ከጠንቋዮች ጋር ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙ በታሪክ ተጽፏል። አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የነበረው ኃይል በፈረስ ጭራ ከሚሰማ ዜማ ፈራ ማለት ነው። የመሣሪያ ኃይል በዋጋው አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምን አለ?

በጎንደር ከተማ ዳር ያለችው ቡርቧክስ በአዝማሪዎቿ የታወቀች ናት። እኔም በዚህ ዓመት ከአንድ በዕድሜ የገፉ መሰንቆ ተጫዋች ዘንድ ጊታሬን ይዤ ሄጄ ነበር። ጊታሩን እንደ ደኅና ፈረስ ዙሪያውን አዩትና እንዲህ ተባባልን።

«ልጄ፥ ይህ ስንት አውታር አለው?»

«ስድስት አለው አባባ።»

«ስድስት! እኔ አንዲቷን ለመልመድ አርባ ዓመት ፈጀብኝ። አንተ ስድስቱን መቼ ልትጨርስ ነው?»

ስንት ብር እንደ ተገዛ አልጠየቁኝም። ይልቁንም «አምስቱን ተዋቸውና በአንዱ ብቻ ተከተለኝ» አሉኝና መሰንቋቸውን መገዝገዝ ጀመሩ። ትዝታ ዜማ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ በሚሉት አምስት ድምፆች ስለሚሠራ በጊታር ላይ ለማግኘት አላስቸገረኝም። አንቺ ሆዬ ሲደርስ ግን ተቸገርሁ። ጊታር በፍሬት የተከፋፈለ ስለ ሆነ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እንደ ደረጃ ይወጣል፤ መሰንቆ ግን ፍሬት ስለሌለው እንደ ተራራ መንገድ ነው፥ በፈለጉበት ይቆሙበታል። ሽማግሌው በሁለት ፍሬቶች መካከል ባለው ቦታ ላይ ይቆማሉ። እኔም ክሩን ተጭኜ ወደ ጎን እየገፋሁ፥ ድምፁን ጥቂት እያቀጠንሁ ልደርስባቸው ሞከርሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ዐይናቸውን ጨፍነው «አዎን፥ እዚያ ጋ ናት» አሉኝ። ጣቴ ቆስሎ ነበር፤ ደስታዬ ግን ቁስሉን አስረሳኝ። በዚያች ቀን፥ ውድ ጊታር ብይዝ ያቺን ድምፅ ፈጥኜ አገኛት ነበርን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አላገኛትም ነበር። ያቺ ድምፅ በሱቅ አትሸጥም፤ በጆሮና በጣት ትገኛለች።

እንግዲህ ኩራት ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ ልለይ። ትዕቢት ሌላው ሰው የሌለውን ይዞ መታየት ነው። ኩራት ደግሞ የያዙትን ዕቃ ጠባዩን ዐውቆ፥ ጉድለቱን በድካም ሞልቶ፥ ያለ ሐፍረት በሰው ፊት ማቆም ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ጊዜ ይፈልጋል። ገንዘብ ያለው ሰው ውድ ጊታር ቢገዛና ቢደክምበት እርሱም ይኩራ፤ እኔ በሀብታም ላይ የምናገረው ነገር የለኝም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው፥ የራሴ ያልሆነውን እየተመኘሁ የራሴን እንዳልንቅ ብቻ ነው።

በዚህ ዓመት ይህ ሐሳቤ ተፈተነ። እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የመልቀቂያ ፈተናው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። አባቴ ይህን ስለሚያውቁ «ጊታሩን ሸጠህ ጥናትህን ያዝ፤ ገንዘቡም ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ለልብስና ለመንገድ ይሆንሃል» አሉኝ። አጋጣሚ ሆኖ በሠርግ ቤት ሙዚቃ የሚጫወት አንድ ሰው ጊታሩን ሰምቶ ከተገዛበት እጥፍ ዋጋ ሊሰጠኝ መጣ። ርካሽ የተባለው ጊታር ገዢ አገኘ ማለት ነው። የአባቴ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ቤታችንም ገንዘብ የተረፈው አይደለም። ስለዚህ ሦስት ሌሊት አሰብሁበት።

ያሰብሁትም እንዲህ ነበር። በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ይህ አንድ ብቻ ነው። ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል አራት ተማሪዎች ጣታቸውን የፈቱት በእርሱ ላይ ነው። አንዷ ተማሪ ከእኔ ይልቅ ፈጥና ባቲን ለይታ ታውቃለች። ለእነርሱ ስሰጣቸው አንድ ቀን እንኳ «እንዳትሰብሩብኝ» ብዬ አላስጨነቅኋቸውም። ምክንያቱም ቢሰበር የሚጠገን፥ የጠገነውም እኔው የሆንሁ ዕቃ ነው። የርካሽ ነገር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሳይፈሩ ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፉታል። እሺ ብሸጠው ገንዘቡ ከሁለት ወር በኋላ ያልቃል፤ አራቱ ልጆች ግን ክር አልባ ይቀራሉ።

ይህን ለአባቴ በአክብሮት አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «አንተ ስትሄድ ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ እምቢታ አለመሆኑን ዐወቅሁ። እስከ ፈተናው ድረስ ከእሑድ በቀር ጊታሩን ላልነካ ቃል ገባሁላቸው፤ ቃሌንም እየጠበቅሁ ነው። እርሳቸውም ገዢውን በደጃችን ቡና ጋብዘው፥ «ይቅርታ፥ ጊታሩ ሥራ ላይ ነው» ብለው ሸኙት።

ስለዚህ ትምህርቴን ስጨርስ ጊታሩ በሙዚቃ ክበባችን ይቀራል። ከእርሱም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ የጻፍሁት ሕግ ይቀመጣል። አንደኛ፥ መቃኘት ያልተማረ አይጫወትበትም። ሁለተኛ፥ በየዓመቱ በጥር ወር የፍሬቶቹ ጫፍ በሞረድ ይታያል። ሦስተኛ፥ የአንገቱን ዘንግ ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ቀን ማዞር ክልክል ነው። አራተኛ፥ መብራት ቢጠፋ ጨዋታው አይቆምም፤ ባዶ ሣጥን ይፈለጋል። አምስተኛ፥ ዋጋውን የጠየቀ ሰው መልስ አይሰጠውም፤ ጊታሩ ይሰጠውና እንዲጫወት ይጋበዛል።

ውድ የትምህርት ቤቴ ተማሪዎች፥ ከእናንተ መካከል አሮጌ ክራር፥ የተሰነጠቀ ዋሽንት ወይም ስሙ ያልታወቀ ጊታር በቤቱ ደብቆ የያዘ ካለ፥ ያውጣው። ቃኙት፥ ጥረቡት፥ ሞርዱት፥ ከዚያም በሰው ፊት ተጫወቱበት። የሚስቅ ሰው ቢኖር፥ እስኪጨርስ ጠብቁና ከመጀመሪያው ክር ጀምሩ።